ሚዛኑን ለሌላም ሰው ስጪ፦ የሜታቦሊዝም ሕመም ያለበትን ልጅ ለምታሳድግ እናት

ስልኩ የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ገና አራስ ቤት ሳለሽ ነው። ጠያቂ ይገባል፣ ይወጣል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ልጁ ጡቱን ጠብቶ ይተኛል፤ ምንም የጎደለው አይመስልም። ደዋይዋ ግን ከተረከዙ በተወሰደው ደም ውስጥ አንድ ነገር ከልኩ በላይ መገኘቱን ነግራሽ፣ ነገ ጠዋት ይዘሽው እንድትመጪ ታዝዝሻለች። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ የወለድሽ ከሆነ ነገሩ የሚጀምረው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በእነዚህ አገሮች የአራሶች ደም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመረመራል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ሥራ ብዙ ነው። ይመዘናል፣ ይለካል፣ ይጻፋል፣ ይደወላል። በእኔ አመለካከት ትልቁ አደጋ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ነው። ሁሉን በሆዷ ይዛ፣ ማንንም ሳታስቸግር የምትውል እናት በእኛ ዘንድ ትመሰገናለች። እዚህ ላይ ግን ይህ ጠባይ ልጁን ይጎዳል፤ እናቲቱ የታመመች ዕለት የሚበላውን የሚያውቅለት የለምና። ስለዚህ ከታች የምጽፍልሽን ስታነቢ በየእርምጃው አንድ ነገር ጠይቂ፦ ይህን ከእኔ ሌላ ማን ያውቀዋል?

ምሳሌዬ በአብዛኛው ፌኒልኬቶኑሪያ ነው፤ በአጭሩ ፒኬዩ ይሉታል። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል ሕክምናው ረጅም ታሪክ ያለው እሱ ነው። የልጅሽ ሕመም ሌላ ከሆነ የሚለይበትን ቦታ እያመለከትኩ እሄዳለሁ። የመጨረሻው ቃል ግን የልጅሽ ሐኪም ነው።

የሕመሙን ስም በጽሑፍ ተቀበዪ

የሜታቦሊዝም ሕመም የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሕመሞች የተሰጠ የጋራ መጠሪያ ነው። የአብዛኞቹ መነሻ ይመሳሰላል፦ ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ ሥጋ ለመለወጥ ከሚጠቀምባቸው ኢንዛይሞች አንዱ ይጎድላል ወይም ይደክማል። ያልተለወጠው ነገር በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከለውጡ ይገኝ የነበረውም ይታጣል። በፒኬዩ የሚጠራቀመው ፌኒላላኒን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ሲሆን የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ከተጀመረና ከተጠበቀ ልጁ እንደ እኩዮቹ ይማራል፣ ይሠራል፣ ቤተሰብ ይመሠርታል። ካልታከመ ግን የማይመለስ የአእምሮ ጉዳት ያስከትላል።

ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው መርዝ ስለሆነ ስሙን በትክክል ማወቅ ግድ ነው። ፒኬዩ ያለበት ሕፃን ከልዩ የዱቄት ወተቱ ጋር በልክ ጡት መጥባቱን ይቀጥላል፤ የእናት ጡት ከተለመደው የዱቄት ወተት ያነሰ ፌኒላላኒን አለው። ጋላክቶሴሚያ ያለበት ሕፃን ግን ጡትም የላም ወተትም ወዲያው ይቆምበታል። ንጥር ቅቤ ፕሮቲን የለውም ማለት ስለሚቻል ፒኬዩ ላለበት ልጅ አያሰጋም፤ ረጃጅም የስብ ሰንሰለቶችን ወደ ጉልበት መለወጥ ለማይችል ልጅ ደግሞ ዋናው ክልክል እሱ ነው። «የእከሌ ልጅም እንዲሁ ነበር፣ ይህን ሰጥታው ዳነ» የሚልሽን ሰው አመስግነሽ እለፊው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አራት ጥያቄዎች በወረቀት ይዘሽ ግቢ። የሕመሙ ሙሉ ስም ምንድን ነው? ልጄ ምን ይከለከላል፣ ምንስ በልክ ይሰጠዋል? ሳይበላ ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል? ሌሊትና በበዓል ቀን የምደውለው ለማን ነው? መልሶቹን የምትቀበልሽ ባለሙያ በእጇ እንድትጽፍልሽ ጠይቂ። በዚያ ቀን የሰማሽው ግማሹ ከደጅ ሳትደርሺ ይጠፋሻል፤ ድንጋጤ የማንንም ጆሮ ይደፍናል።

እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ቢያስቸግርሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ገባኝ» እያልሽ ራስሽን አትነቅንቂ፤ ትልቁ ልጅሽም እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ ወንድሙ አንጎል ከሐኪም ሰምቶ ለእናቱ መንገር የለበትም።

ስለ ሽታ አንድ ነገር ልጨምር። ሜፕል ሲረፕ የተባለው ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ሽንታቸውና የጆሮ ኩካቸው እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ሐኪሞችም ይህን ሽታ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት አብሽ ከጠጣች ግን ጤነኛው አራስም ያንኑ ሽታ ያመጣል፤ በእስራኤል ሐኪሞች ይህን አይተው ጽፈዋል። አብሽ ጠጥተሽ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ነገር ግን «አብሽ ነው» ብለሽ ራስሽ አትፍረጂ፤ ደሙ ይመርመር።

ጥፋተኛ ፍለጋውን ቶሎ ዝጊ

ወሬው መምጣቱ አይቀርም። አንዷ በእርግዝናሽ ጊዜ የበላሽውን ታነሣለች፤ ሌላዋ ዓይን ነው ትላለች፤ አማትሽ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ትላለች። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ያዢ፦ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው። አብዛኞቹ የሜታቦሊዝም ሕመሞች ልጁን የሚይዙት የተበላሸውን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆች ሲወርስ ነው። አንድ ብቻ የያዘ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ እንዳለበትም አያውቅም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው። የመጀመሪያው ታመመ ማለት ቀጣዮቹ ሦስት ይድናሉ ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደገና ይወጣል።

ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ለምን ይህ ይደርስብናል የሚል ጥያቄም ይነሣል። ዘመድ አለማግባት ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጸበል መውሰድ ከፈለግሽ ውሰጂው። ሐኪሞች የሚጨነቁት ልጁ በባዶ ሆድ ብዙ ሰዓት እንዳይቆይና ልዩ ወተቱ ወይም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው። ይህን ለካህኑ በግልጽ ንገሪያቸው። የታመመ ሕፃን እንዲጾም የሚያስገድድ ሥርዓት የለም።

ወጥ ቤቱ

ፒኬዩ ላለበት ልጅ ሕክምናው የሚሰጠው በሆስፒታል ሳይሆን በወጥ ቤትሽ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብና ወተት ይቀራሉ። የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በአብዛኛው የሚያገኘው ፌኒላላኒን ከወጣለት ልዩ የዱቄት ወተት ሲሆን፣ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። ሽታው አይጥምም። ሕፃኑ ከመጀመሪያው ስለሚለምደው አይከብደውም፤ የሚከብደው ፊቷን ያጨማደደች አክስት ሲያይ ነው። በእሱ ፊት ስለ ሽታው የሚያወራ ሰው እንዳይኖር አድርጊ።

ፌኒላላኒንን ፈጽሞ መከልከልም ይጎዳል፤ ሰውነት ያለ እሱ አያድግም። ስለዚህ ሁሉ ነገር በልክ ነው፤ ልኩን የምታወጣውም የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ግራም የምግብ ፕሮቲን 50 ሚሊ ግራም ያህል ፌኒላላኒን ይይዛል። ከባዱ ዓይነት ፒኬዩ ያለበት ልጅ በቀን የሚፈቀድለት ብዙ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በታች ነው። በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ግዢ፤ «አንድ ጭልፋ» ወይም «ትንሽ ቁራሽ» እዚህ አይሠራም።

አሁን የኛን ማዕድ በዚህ ሒሳብ እንየው። መቶ ግራም ደረቅ የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ በሒሳባችን ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፌኒላላኒን ማለት ነው። እንጀራ ውኃ ስለሚይዝ በክብደቱ ልክ ያነሰ ይሆናል፤ ቢሆንም ተመዝኖ የሚሰጥ እንጂ እንደ ልብ የሚቆረስ አይደለም። ትልቁ ወጥመድ ግን የጾም ምግብ ነው። ሥጋና እንቁላል ተከለከለ ሲባል የቤተሰብ ሰው ሁሉ «እንግዲያው ጾመኛ ነው» ብሎ ሽሮና ምስር ያቀርባል። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር በፕሮቲን የታጨቁ ናቸው፤ ለውዝና ሱፍም እንዲሁ። ለዚህ ልጅ ሽሮ ከሥጋ ብዙም አይለይም። ይህን ለአያቶቹ አንድ ጊዜ ነግረሽ እንዳትተዪው፤ ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር ድገሚው።

ከኛው ማዕድ የሚጠቅመውም አለ። ቡላ ንጹሕ ስታርች ለመሆን የቀረበ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመቶ ግራም 1 ግራም እንኳ ፕሮቲን አይሞላም። የቡላ ገንፎ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ተሠርቶ ፒኬዩ ላለበት ልጅ ሲቀርብለት፣ ቤተሰቡ ከሚበላው የተለየ እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ቆጮም ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም፣ እንዲሁም አብዛኞቹ ፍራፍሬዎች በብዛት የሚፈቀዱ ናቸው፤ ድንች ግን በብዙ ቦታ ይቆጠራል። ውጭ አገር በሐበሻ ሱቅ የሚሸጠው የቡላ ዱቄት ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀ ሊሆን ስለሚችል ሳታጣሪ አትመኚው። ጥቅሉን ለባለሙያዋ አሳዪያት፤ አዲስ ምግብ ስትጀምሪም ከቀጣዩ የደም ምርመራ ውጤት ጋር አስተያዪ። የምትኖሪበት ከተማ የሥነ ምግብ ባለሙያ ስለ ቡላ ሰምታ ላታውቅ ትችላለች። አንቺ አስተምሪያት፤ ቀጥላ ለምትመጣው ኢትዮጵያዊት እናት ይጠቅማታል።

ጉርሻ ለብቻው ይነሣ። ልጅን ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር። ለዚህ ልጅ ግን የአንድ እንግዳ ጉርሻ የቀኑን ልክ ሊጨርስ ይችላል። መከልከል ብቻ አያዋጣም፤ የሚጎረስ ነገር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በግብዣ ቀን የልጁን ምግብ በራሱ ሳህን መዝነሽ አቅርቢና «ልታጎርሱት ከፈለጋችሁ ከዚህ ነው» በዪ። አያቱ ያጎርሱት፣ ይመርቁት፤ ልኩም አይዛነፍም። ቡና ሲፈላ ቆሎና ፈንድሻ በዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ።

ዳይት ወይም ዜሮ የሚባሉ ለስላሳ መጠጦችንም ተጠንቀቂ። አስፓርቴም የተባለው ማጣፈጫ ራሱ ፌኒላላኒን ይዟል። በማስቲካ፣ በሚታኘክ ቪታሚንና በአንዳንድ የልጆች ሽሮፕ ውስጥም ይገኛል። ፋርማሲስቱ የልጁን ሕመም ሳያውቅ ምንም መድኃኒት አትግዢ።

ወጪውን በሚመለከት ብሪታንያ ውስጥ ልዩ ወተቱም ዝቅተኛ ፕሮቲን ያላቸው ምግቦችም በሐኪም ማዘዣ ይገኛሉ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ግዛቱና እንደ ኢንሹራንሱ ይለያያል፤ ዊክ የተባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍም ልዩ ወተት የሚሰጥበት ሁኔታ አለ። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ «አይሸፈንም» ቢልሽ ያ የመጨረሻ መልስ አይደለም፤ የክሊኒኩን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አቤቱታውን አብራሽ እንድትጽፍ ጠይቂ።

ልጁ የታመመ ቀን

እዚህ ላይ ሕመሞቹ በሁለት ይከፈላሉ። ፒኬዩ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው። ልጁ በጉንፋን ወይም በተቅማጥ ሲታመምና መብላት ሲያቆም ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ስለሚያፈርስ ፌኒላላኒኑ ይጨምራል። ልዩ ወተቱን በትንሽ በትንሹ ትሰጪዋለሽ፣ ለክሊኒኩ ትደውያለሽ፣ ደሙ ይታያል። አንድ ሳምንት ከልክ በላይ መሆኑ አያጠፋውም።

ሌሎቹ ግን ሰዓት አይሰጡም። ሰውነት ስብን ወደ ጉልበት መለወጥ የማይችልባቸው እንደ ኤምካድ ያሉ ሕመሞች፣ ሜፕል ሲረፕ፣ ሰውነት አሞኒያን ማስወገድ የማይችልባቸው የዩሪያ ዑደት ሕመሞች፣ ኦርጋኒክ አሲዴሚያዎች፤ በእነዚህ ተራ የሚመስል ትውከት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ልጁን ራሱን ሊያስት ይችላል። ሆዱ የያዘውን ሁሉ እያስመለሰ ከሆነ፣ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም አነጋገሩና አረማመዱ ከተለወጠ ጠዋትን አትጠብቂ። በቤት የሚለካው የደም ስኳር ደህና መሆኑም አያዘናጋሽ፤ ስኳሩ የሚወርደው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ኤምካድ ያለበት ሕፃን ለምን ያህል ሰዓት ሳይበላ ሊተኛ እንደሚችል ሐኪሙ በዕድሜው ይወስናል፤ ጤነኛ ሳለ የሚፈቀደው ሰዓት ሲታመም አይሠራም።

ለዚህ ቀን የሚያስፈልግሽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የልጁ ስም፣ የሕመሙ ስም፣ በድንገት ሲታመም ወዲያው የሚደረግለትና የማይደረግለት፣ የሜታቦሊክ ሐኪሙ ስልክ ይጻፍበትና ይፈረምበት። በብዙዎቹ ሕመሞች የመጀመሪያው ሥራ 10 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ዝርዝር ግን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። አንዱን ኮፒ በቦርሳሽ፣ አንዱን በመኪናው፣ አንዱን በመዋዕለ ሕፃናቱ አስቀምጪ፤ ፎቶውን ደግሞ በባልሽም በእህትሽም ስልክ ላይ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ ወረፋ ከመያዝሽ በፊት ደብዳቤውን ለነርሷ ስጪ። በዚያ ሌሊት ተረኛ የሆነው ሐኪም ይህን ሕመም በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው ሊሆን ይችላል። «ልጄ እምብዛም የማይገጥም ሕመም አለበት፣ ይህን ያንብቡ» ማለት ድፍረት አይደለም። «ቤት ሄዳችሁ ውኃ ስጡት» ቢሉሽ ካንቺ ጋር ከመከራከራቸው በፊት ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር እንዲደውሉ አጥብቀሽ ጠይቂ።

ያየሽውን ጻፊ

የፒኬዩ ሕክምና የተጀመረው እምቢ ባሉ እናቶች ነው። ኖርዌይ ውስጥ ቦርግኒ ኤግላንድ የተባለች እናት ሁለቱ ልጆቿ ለምን እንዳልዳበሩና ለምን እንግዳ ሽታ እንዳላቸው ዓመታት ሙሉ ከሐኪም ወደ ሐኪም እየሄደች ጠየቀች። በ1934 እ.ኤ.አ. ሐኪሙና ኬሚስቱ አስቢዮርን ፎሊንግ ሽንታቸውን መርምሮ ሕመሙን አገኘ። ለእሷ ልጆች ጊዜው አልፎ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ሌላ እናት፣ ሜሪ ጆንስ፣ ሕክምና እንደሌለ ተነግሯት ሳለ ለልጇ ለሺላ አንድ ነገር እንዲፈልግላት ሐኪሙን ሆርስት ቢከልን ወጥራ ያዘችው። ቢከልና ባልደረቦቹ ፌኒላላኒን የወጣለትን የመጀመሪያ ምግብ አዘጋጁ፤ ሺላ ተሻላት። ለማረጋገጥ ሐኪሞቹ ለእናቲቱ ሳይነግሩ ፌኒላላኒን መልሰው ጨመሩበት፤ ልጅቱ ወዲያው ስትባባስ ያየችው እናቷ ነበረች። ዛሬ ማንም ሐኪም እንዲህ እንዲያደርግ አይፈቀድለትም፤ የእናት ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ ግን ያን ጊዜ ታይቷል።

ስለዚህ ደብተር ይኑርሽ። ቀን፣ የበላው በግራም፣ የጠጣው ወተት፣ የደም ውጤት፣ የተለየ ነገር፤ ከዚህ በላይ አትጨምሪበት፣ ይሰለችሽና ትተዪዋለሽ። በአሜሪካ መመሪያ በፒኬዩ የደም ፌኒላላኒን ልክ ዕድሜ ልክ በሊትር ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል ነው፤ የአውሮፓው ከ12 ዓመት በኋላ እስከ 600 ይፈቅዳል። ውጤቱ ከፍ ባለ ሳምንት ደብተሩን ገልጠሽ ከባለሙያዋ ጋር ምክንያቱን ፈልጉ፤ ጉንፋን ይሆናል፣ ጥርስ ይሆናል፣ የልደት ኬክ ይሆናል። ቁጥሩ የእናትነትሽ ፈተና ውጤት አይደለም። ውጤት ከፍ ሲል የሚጮህ የቤተሰብ ሰው ካለ ደብተሩን ለእሱ ስጪውና ለአንድ ወር እሱ ይሙላው።

ሚዛኑን ማን ይይዛል?

ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግሻል፤ አባቱና ከቤት ውጭ ያለ አንድ ሰው። «እርዱኝ» ብትዪ ሁሉም እሺ ይላል፣ ማንም አይመጣም። ሥራውን ቆርሰሽ ስጪ። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ መዝኖ የሚያበላው አባቱ ነው። ለምርመራ የሚላከውን የተረከዝ ወይም የጣት ደም የምትወስደው እህትሽ ናት፤ ነርሷ እንድታሠለጥናት ወደ ክሊኒኩ ውሰጃት። ልዩ ወተቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚያዝዘው ሌላ ሰው ይሁን። መጀመሪያ ሰሞን ሥራቸው እንደ አንቺ አይሆንም፤ ዱቄቱ ይፈሳል፣ መዝገቡ ይሳሳታል። ሚዛኑን ከእጃቸው አትንጠቂ። የነጠቅሽ ዕለት ሥራው ተመልሶ ያንቺ ይሆናል።

ሥራውን ሲለምዱት ልጁን ለእነሱ ትተሽ አንድ ቀን ሙሉ ከቤት ውጪ። ያረሰችሽ እናትሽ ከሄደች በኋላ የሚመጡት ወራት ከባዶቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በቅርብ ቦታና ለግማሽ ቀን ይሁን።

ማኅበርና ዕቁብ ያለሽ ከሆነ እዚያም ንገሪያቸው። ብዙ እናቶች ሰው እንዳያወራ ይደብቃሉ፤ መደበቁ ግን ልጁ ሰው ቤት ሲሄድ ማንም እንዳይጠነቀቅለት ያደርጋል። ምን ያህል ዝርዝር እንደምትናገሪ አንቺ ወስኚ፤ «ይህን ቢበላ አንጎሉ ይጎዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን መነገር አለበት። አለርጂ ነው ብሎ ማለፉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው አለርጂን «ትንሽ ብትሰጪው ምን ይሆናል» ብሎ ይፈትነዋል።

ስለ ራስሽም

አዝነሻል። ልጅሽ በሕይወት ቢኖርም የጠበቅሽው ሳይሆን ሲቀር የሚመጣ ኀዘን አለ፤ ለእሱ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ማልቀስ አለማመን አይደለም። ከወሊድ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ጨለማ ስሜት፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ማጣት፣ ምንም አለመጣፈጥ፣ «እኔ ባልኖር ይሻለው ነበር» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ግን ይህ የሚታከም የወሊድ ድብርት ሊሆን ይችላል። ለልጁ ሐኪም ብትናገሪም ይበቃል፤ ወደሚመለከተው ሰው ይመራሻል። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ አሜሪካ ውስጥ በ988 በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፤ ሌላ አገር ከሆንሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለራስሽ የምታደርጊውን ትንሽ አድርገሽ ጀምሪ። ትኩስ እያለ የምትበዪው አንድ ምግብ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ልጁን ሳታዝይ የምትሄጂበት አንድ ሰዓት። ሌሎቹ ልጆችሽ ደግሞ እናታቸው ለታመመው ብቻ እንደሆነች ያስባሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር ብቻ ውጪ። ትዳሩም ይፈተናል። ከባልሽ ጋር ስለ ሚሊ ግራም የማታወሩበት ምሽት ይኑራችሁ።

ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ልጅ ያላትን እናት እንዲያገናኝሽ ክሊኒኩን ጠይቂ። አማርኛ ባትናገርም ግድ የለም፤ በሁለት ደቂቃ የምትነግርሽን ባለሙያ በአንድ ሰዓት አይነግርሽም።

ወደ አገር ቤት ስትሄጂ፣ አገር ቤትም ስትኖሪ

ኢትዮጵያ ውስጥ አራሶችን ሁሉ ለእነዚህ ሕመሞች የሚመረምር አገር አቀፍ አሠራር ገና የለም፤ ልዩ ወተቱንም ገበያ ላይ አገኛለሁ ብለሽ አትሂጂ። ለቆይታሽ ከሚበቃው በላይ ያዢ፤ ግማሹን በእጅ ሻንጣ፣ ግማሹን በሚጫነው አድርጊ፣ አንዱ ቢጠፋ እንዲተርፍሽ። ሚዛኑንና የሐኪሙን ደብዳቤ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጪ። ሕመሙ በድንገት የሚነሣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመሳፈርሽ በፊት በምታርፊበት ከተማ የሕፃናት ሐኪም ያለበትን ሆስፒታል ለይተሽ እወቂ፤ የገጠሩን ጉብኝት ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪበት።

አገር ቤት የምትኖሪ ከሆነና ሐኪሞቹ በቀድሞ ልጅሽ ላይ የሜታቦሊዝም ሕመም ጠርጥረው፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ አራስ ሞቶብሽ ቀጣዩን ካረገዝሽ፣ ይህን ታሪክ ከመውለድሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ። የአራሱ ደም በወረቀት ካርድ ላይ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል።

ልጁ ሲያድግ

ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ «ይህ ለእኔ ነው፣ ይህ ለእኔ አይደለም» ማለት ይችላል። በስድስት ሰባት ዓመቱ የራሱን ምግብ ይመዝን፤ በአሥር ዓመቱ ወተቱን ይበጥብጥ። ትምህርት ቤት ሲገባ የሚፈቀድለትን በጽሑፍ አስይዢ፤ አሜሪካ ውስጥ 504 የሚባለው እቅድ በሕግ የተደገፈ በመሆኑ መምህር ቢለወጥም አይቀየርም። በጉርምስናው ወተቱን ከመታጠቢያ ቤት ሊደፋው ይችላል፤ ይህ በብዙ ቤት ይሆናል። ያን ጊዜ ጩኸት አይረዳም። ቀጠሮው ላይ ከሐኪሟ ጋር ብቻውን እንዲነጋገር ተዪው፤ አንቺ ከደጅ ጠብቂ።

ልጅሽ ሴት ከሆነችና ሕመሟ ፒኬዩ ከሆነ ገና ከማግባቷ በፊት ልታውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የእናት ፌኒላላኒን ከፍ ካለ፣ ሕመሙን ያልወረሰ ጽንስም ቢሆን አንጎሉና ልቡ ይጎዳል። የደሟ ፌኒላላኒን ከማርገዟ በፊት ወደ ልኩ ወርዶ እስክትወልድ እዚያው ከቆየ ግን ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች።